አምስት መብራት ለአንድ ሶፋ

እኔ መብራት አልጠላም። ይህ በቅድሚያ መዝገብ ላይ ይስፈርልኝ፤ ልጄ ለመጣ ለሄደው ሁሉ «አባዬ እኮ ጨለማ ነው የሚወደው» እያለች ስሜን አጥፍታዋለችና። ኩራዝ ላይ ተደፍቶ ያጠና፣ ጠዋት በተናፈጠ ቁጥር ጥላሸት ሲወጣው ያደገ ሰው ጨለማ ሊወድ አይችልም። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው፤ አምስት መብራት በቆመበት ሳሎን ውስጥ ዳዊቴን ለማንበብ ወደ መስኮት መሰደዴ።

ነገሩ የጀመረው ከማዕዘን ነው። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሠርተው ያስረከቡን ሰዎች ለሳሎኑ የሰጡት ጣሪያው መሀል ላይ አንዲት አምፖል ብቻ ነው። ነጭ ናት፤ ሻጮች «ዴይላይት» የሚሏት፣ ካርቶኗ ላይ 6500 ኬልቪን ተብሎ የተጻፈባት ዓይነት። ልጄ አንድ ማታ ከሥራ ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ ቀና ብላ አየቻትና «አባዬ፣ ይሄ እኮ የክሊኒክ መብራት ነው። መርፌ ልወጋ የገባሁ ነው የሚመስለኝ» አለች። በማግስቱ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ማዕዘን ማዕዘኑን ታይ ጀመር። «ይሄ ኮርነር ሞቷል» አለች። ሞተ የተባለው ኮርነር የእኔ ከዘራና የእናቷ ዣንጥላ የሚቆሙበት ነው። እኛ ስንገለገልበት በሕይወት ነበር።

ከዚያ ወዲህ የሞቱት ኮርነሮች አንድ በአንድ ትንሣኤ አገኙ። ከዘራዬ ግን እስከ ዛሬ የት እንደተቀበረ አላውቅም።

ለልጄም ፍርድ እንዳላጓድል፣ ምክንያት የላትም አልልም። ጣሪያችን ኮንክሪት ነው፤ ሁለተኛ አምፖል ልስቀል ብትሉ ድሪል አለ፣ ሽቦ መቅበር አለ፣ ከላይ ያለው ጎረቤት አቤቱታ አለ። ተከራይ ከሆናችሁ ደግሞ አከራዩ አለ። የቁም መብራት ከሶኬት በቀር የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። የመሀል አምፖል ብቻዋን ስትሆንም ችግር አላት፤ ጀርባችሁን ሰጥታችሁ ከተቀመጣችሁ የገዛ ጭንቅላታችሁ ጥላ መጽሐፋችሁ ላይ ይወድቃል። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። የማላውቀው፣ ለአንዲት አምፖል ጉድለት አምስት ባለሟል የሚሾምበትን ምክንያት ነው።

ዕድሜዬን የጨረስኩት መዝገብ ቤት ነው። በደል ሲበዛብኝ መጮህ አልችልበትም፤ ማኅደር መክፈት ግን እችልበታለሁ። ለእያንዳንዳቸው ከፈትኩላቸው።

ማኅደር አንድ፦ ቀስቱ

ይህ ከሶፋው ኋላ ተነሥቶ፣ በራሳችን ላይ ጎብጦ አልፎ፣ ምግብ ጠረጴዛው መሀል አንገቱን የደፋ ረጅም ብረት ነው። ልጄ ስትገዛው «የጣሊያን ዲዛይን ነው» ተብላለች። መዝገብ ቤት ያልተጣራ ነገር ፋይል ውስጥ አይገባምና የልጅ ልጄን በስልኩ አስጣራሁት። ዋናው በእውነትም የጣሊያን ነው። አኪሌ እና ፒየር ጃኮሞ ካስቲሊዮኒ የሚባሉ ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1962 ፍሎስ ለሚባል ኩባንያ የነደፉት ነው፤ አርኮ ይሉታል። የነደፉበት ምክንያት ያስመሰግናቸዋል፤ ጣሪያ ሳይበሳ ብርሃን ከላይ ጠረጴዛ ላይ እንዲወርድ ነው። ቅስቱን ያሰፉትም ምግብ የሚያቀርብ ሰው በሥሩ እንዲያልፍ ብለው ነው። መቆሚያው የካራራ እብነ በረድ ሲሆን ወደ 65 ኪሎ ይመዝናል፤ ከግማሽ ኩንታል በላይ። መሀሉ ላይ ቀዳዳ አለው። ቀዳዳው ለጌጥ አይደለም፤ የመጥረጊያ እንጨት ተሰክቶበት ሁለት ሰው ተጋግዞ እንዲያነሣው ነው። የሚሸከመውን ሰው ወገብ ያሰበ ነዳፊ፣ በእኔ በኩል ጡረታው ይከበርለት።

የእኛው ግን ከአባቱ የወረሰው መጎንበሱን ብቻ ነው። መቆሚያውን በጣቴ አንኳኳሁት፤ ባዶ ድምፅ ሰጠ። እብነ በረድ እንዲመስል የተቀባ ቆርቆሮ ነው። ቀዳዳው ግን አለ! ክብደቱ ሳይኖር የመሸከሚያው ቀዳዳ አለ። ባለፈው ፋሲካ የዕድራችን ጸሐፊ እንቁላሉን ሊያወጡ ጎንበስ ሲሉ ትከሻቸው ነካው። ወዲያ ወዲህ ተወዛወዘ፤ ሁላችንም እጃችንን ዘርግተን ቀረን፤ ከዚያ ማንም ብላ ሳይለው ጭንቅላቱን ዶሮ ወጡ ውስጥ ነከረ። ልጄ «እሰይ፣ አምፖሉ ተረፈ!» አለች። ሁለት ወር ሙሉ የተጾመለት ወጥ እንዴት ሆነ ብሎ የጠየቀ የለም።

ውሳኔ፦ ጎባጣ መብራት የሚገዛ ሰው ሱቁ ውስጥ አንገቱን በአንድ ጣት ይግፋው። ተወዛውዞ ወደ ቦታው ካልተመለሰ ሻጩ የሚለውን ሁሉ አይስማው። ድክ ድክ የሚል ሕፃን ያለበት ቤት ከሆነ ደግሞ መግፋትም አያስፈልግም፤ ይቅር።

ማኅደር ሁለት፦ ባለ ሦስት እግሩ

ይህ የቆመው ኮሪደሩ አፍ ላይ ነው። ሦስት የእንጨት እግር፣ ከላይ ወፍራም የጨርቅ ቆብ። መጀመሪያ ያየሁት ዕለት መሬት ሊለካ የመጣ ቀያሽ መሣሪያውን ትቶ የሄደ መስሎኝ ክው አልኩ። ቀያሽ ከመጣ በኋላ ምን እንደሚመጣ ለአዲስ አበባ ሰው አይነገርም። ልጄ «ፋሽኑ እኮ ከዚያው ነው የመጣው አባዬ» ብላ አረጋጋችኝ።

ሦስት እግር ያለው ነገር ለመቆም እግሩን መዘርጋት አለበት። ሁለቱን ግድግዳው ሥር ሸጎጠቻቸው፤ ሦስተኛው መንገድ ላይ ቀረ። በእኔ ዕድሜ ሌሊት መነሣት አይቀርም። ግድግዳውን እየዳሰስኩ፣ ማንንም ላለመቀስቀስ ቀስ ብዬ ስሄድ ትንሿ የእግሬ ጣት አገኘችው። ያን ሌሊት የተቀሰቀሰው ቤተሰቡ ብቻ አይደለም፤ ሁለተኛ ፎቅም ተነሥቷል። ሱቅ ውስጥ ዓይናችሁን የሚስበው ቆቡ ነው፤ ቤት ከገባ በኋላ የምትኖሩት ግን ከእግሩ ጋር ነው።

ለምን አብርተህ አልሄድክም ትሉኝ ይሆናል። ማብሪያው ገመዱ ላይ ያለ በእግር የሚረገጥ ቁልፍ ነው፤ ገመዱ ደግሞ ከሶፋው ሥር ገብቷል። ለማብራት ማብሪያውን ማግኘት፣ ማብሪያውን ለማግኘት ማብራት ያስፈልጋል። በቀን ብርሃን እንኳን ሳገኘው መጎንበሱ የእኔ፣ መቃናቱ የአምላክ ነው።

ውሳኔ፦ ማብሪያው ተቀምጦ በእጅ የማይደረስበት መብራት ሽማግሌ ካለበት ቤት አይግባ። ገመዱም በግድግዳ ሥር ይሂድ እንጂ መተላለፊያ አያቋርጥ። ምንጣፍ ሥር መደበቅም መፍትሔ አይደለም፤ በየቀኑ የተረገጠ ገመድ ላስቲኩ ይቆስላል፣ የቆሰለ ገመድ ደግሞ እሳት ይወልዳል።

ማኅደር ሦስት፦ ወደ ሰማይ የሚያበራው

ታናሽ ወንድሜ ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ብዙ ዘመን ኖሯል። በመጣ ቁጥር ሻንጣው ውስጥ ከልብስ ዕቃ ይበዛል። በመጨረሻ ሲመጣ ተፈታትቶ የተጠቀለለ ረጅም ዘንግ ይዞ መጣ። ጫፉ ላይ ወደ ላይ የተከፈተ ሳህን አለው፤ ብርሃኑን በሙሉ ወደ ጣሪያ ነው የሚረጨው። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የተባለው ለዚህ መብራት ነው። ወንድሜ «ክፍሉን በሙሉ ያለሰልሰዋል» ይላል። የሚያለሰልሰው ጣሪያው ነጭ ሲሆን ነው፤ ብርሃኑ ወደ እኛ የሚመለሰው እዚያ ነጥሮ ነውና። የእኛ ጣሪያ የስንት ዓመት የቡናና የዕጣን ጭስ የጠገበ ነው። የተሰጠውን ይውጣል፤ አይመልስም።

የዚህ መብራት ታላላቆች አሜሪካን አገር ያደረሱትን ጣጣ ያጫወተኝ ራሱ ወንድሜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ከ300 እስከ 500 ዋት የሚበላ ሃሎጅን አምፖል ነበር የሚገባላቸው። አምፖሉ ከመጋሉ የተነሣ የነካው መጋረጃ ይያያዛል። እ.ኤ.አ. በ1997 የአገሪቱ የሸማቾች ዕቃ ደህንነት ኮሚሽን ወደ 40 ሚሊዮን ለሚጠጉ እንዲህ ያሉ መብራቶች የሽቦ መከለያ እንዲገጠም አስታወቀ፤ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎችም ከተማሪ ማደሪያ አስወጧቸው። እኔን የደነቀኝ ቃጠሎው ብቻ አይደለም። 500 ዋት ለጣሪያ! የዚያን እኩሌታ በማይሞላ አንድ አምፖል እኛ ሙሉ የዕድር ድንኳን አብርተን፣ ቡና አስፈልተን፣ ካርታ አጫውተን፣ ለቅሶ ቤት አድረናል።

ወንድሜ ያመጣው ከዚያ ወዲህ የተሠራ፣ ተራ አምፖል የሚገባለት ነው። አምፖሉ ግን ለአሜሪካ የ120 ቮልት መብራት የተሠራ ነበር፤ የእኛ 220 ነው። ሶኬቱም ጠፍጣፋ ሁለት ጥርስ ያለው ነው። የልጅ ልጄ «አባባ፣ አዳፕተር አለኝ!» ብሎ ሮጠ። አዳፕተሩ ጥርሱን አስማማ፤ ቮልቱን ግን የሚያስማማው ነገር አልነበረም። ጧ! ሳሎኑ የልደት ቀን ርችት አየ። ባለሙያ ተጠርቶ አምፖሉ፣ የአምፖል ማቀፊያውና ሶኬቱ ተለወጡ፣ ገመዱም ተፈተሸ። ከውጭ ስጦታ የምትልኩ ልጆቼ፣ ምስጋናችን እንዳለ ሆኖ፣ አምፖሉን እዚያው ተዉት።

ውሳኔ፦ እንግዳ ሲበዛ ይብራ። ብቻውን ከሆነ የሚጠቅመው ጣሪያው ላይ ላለው ሸረሪት ነው።

ማኅደር አራት፦ ወረቀቱ

ይህኛው ነጭ ወረቀት የለበሰ ረጅም ነገር ነው። አባቱ ኢሳሙ ኖጉቺ የሚባል ጃፓናዊ አሜሪካዊ ቀራፂ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1951 ጊፉ በተባለች የጃፓን ከተማ የፋኖስ ሠሪዎችን ጥበብ አይቶ ከቀርከሃና ከወረቀት መብራት መሥራት ጀመረ፤ አካሪ ይባላሉ። የእኛው የዚያ የሩቅ ዘመድ ነው።

እውነት ለመናገር ብርሃኑ መልካም ነው። አምፖሉ አይታይም፣ ጥላው ለስላሳ ነው፣ የሰው ፊት አያጨማድድም። የተጣሉ ባልና ሚስት ለሽምግልና ሲመጡ በዚህ ሥር ነው የማስቀምጣቸው፤ ሁለቱም ገና ነገሩ ሳይነሣ የታረቁ ይመስላሉ። ነገር ግን የወረቀት መብራት የሚኖረው ኳስ በሌለበት ቤት ነው። የልጅ ልጄ ኮሪደሩን ሜዳ አድርጎታል፤ ወረቀቱም ሆዱ ላይ በፕላስተር ታሽጓል። ከዚያም በላይ ልጄ «ለቡናው ጥግ ድባብ ይሰጣል» ብላ ያቆመችው ረከቦቱ አጠገብ ነው። ከሰሉ ሲራገብ ፍንጣሪው ይነሣል፤ እኔ አቦልን እስከ በረካ የምጠጣው በአንድ ዓይኔ ስኒውን፣ በአንድ ዓይኔ ወረቀቱን እየጠበቅሁ ነው።

ውሳኔ፦ ከከሰልና ከኳስ ይራቅ። አምፖሉም ኤልኢዲ ይሁን፤ የድሮው የሚግል አምፖል ለወረቀት አይሆንም።

ማኅደር አምስት፦ ራቁቱን የቆመው

አምስተኛው ቆብ የለውም። ዘንግ፣ ከዘንጉ ጫፍ ውስጡ ቢጫ ክር የሚታይ ትልቅ አምፖል፤ በቃ። «ቆቡ ቀርቷል፣ ሄዳችሁ ጠይቁ» ብል ተሳቀብኝ። ለካስ ዋጋውን ያስወደደው ቆብ ማጣቱ ነው! እኛ ራቁቱን የተንጠለጠለ አምፖል በጋዜጣ ወረቀት እየሸፈንን፣ ደመወዝ ሲጨመር መጀመሪያ የምንገዛው ቆብ ነበር። አሁን ልጆቻችን ያንኑ ራቁት አምፖል ለመግዛት ደመወዝ ያጠራቅማሉ።

ዴንማርካዊው ፖል ሄኒንግሰን ይህን ቢያይ ምን ይል ነበር? በላምባ መብራት ያደገ ሰው ነው፤ የኤሌክትሪክ አምፖል ሲመጣ ዓይን መውጋቱ አንገበገበውና እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ሦስት ቆብ ደራርቦ፣ አምፖሉ ከተቀመጠው ሰው ዓይን እንዲሰወር፣ ብርሃኑ ግን ጠረጴዛው ላይ እንዲወርድ አድርጎ ሠራ። አንድ መቶ ዓመት ገደማ ሞላው። እኛ ሳሎን ግን አልደረሰም። አምፖሉ ዓይኔ ውስጥ ይገባል፣ መጽሐፌ ላይ አይደርስም፤ እንዲህ ያለው አምፖል ከጌጡ ብርሃኑ ያንሳል።

ይባስ ብሎ ይህ መብራት የሚታዘዘው በስልክ ነው። ልጄ በእንግሊዝኛ ትጠራዋለች፣ ይበራል። እኔ በአማርኛ ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ መከርኩት፤ ዝም። በገዛ ቤቴ አስተርጓሚ ያስፈለገኝ ያን ጊዜ ነው።

ውሳኔ፦ ቆብ እስኪገዛለት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይቁም።

እንግዲህ ማኅደሮቹ እነዚህ ናቸው። አንድ ክስ ግን አውቄ አላነሣሁም፤ የቆጣሪውን። አምስቱም አሁን ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ ናቸው፤ በድምሩ 45 ዋት። ማታ ማታ አምስት ሰዓት ቢበሩ 225 ዋት ሰዓት ነው፤ የድሮዋ ባለ 60 ዋት አምፖል በአራት ሰዓት ከዚህ በለጥ አድርጋ ትበላ ነበር። የባለቤቴ የእንጀራ ምጣድ አንዴ ሲሰካ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል፤ በአንድ ሰዓት የጨረሰውን አምስቱ መብራቶች ለመጨረስ ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጅባቸዋል። ስለዚህ በካርድ መሙያ አልከስም። ልጄ ግን ይህን ሒሳብ ሳላሰላላት ነው የተዝናናችው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የሕዳሴ ግድብ ሲመረቅ አብረን በቴሌቪዥን እያየን ነበር። «5,150 ሜጋዋት» ሲባል እኔ አጨበጨብኩ፤ እሷ ዞር ብላ የቀረውን ባዶ ኮርነር አየች። የአምስተኛው መብራት ፈቃድ የተፈረመው ያን ደቂቃ ነው።

መብራት ሲሄድ ታዲያ አምስቱም እኩል ይሆናሉ። ቀስቱም ይጎብጣል፣ ወረቀቱም ይጨልማል፣ ባለ ስልኩም እንግሊዝኛው ይጠፋዋል። ያን ጊዜ «አባዬ፣ ያቺ ቻርጅ የምታደርጋት አምፖልህ የት አለች?» ይመጣል። ቡፌው ውስጥ ናት። ቁልፉ ኪሴ ነው።

የእኔ ሙግት ባጭሩ ይህ ነው፦ መብራት የሚገዛው ለማዕዘን አይደለም፣ እዚያ ለሚቀመጠው ሰው ነው። ማዕዘን አያነብም። ማዕዘን ክር በመርፌ አያስገባም። አምስቱ ሲገዙ «ኮርነሩ ምን ይፈልጋል?» ተብሎ ተመክሯል፤ ወንበሩ ላይ የተቀመጥኩትን ሰውዬ የጠየቀኝ የለም። ዓይንም ያረጃል። ብሌኑ ይጠብባል፣ የውስጡ መስታወት ይደፈርሳል፤ ዕድሜው 60 የሞላ ሰው ዓይን ውስጥ የሚደርሰው ብርሃን የ20 ዓመት ወጣት ከሚያገኘው ሲሶ ገደማ ነው። ልጄ በድባቧ ደስ ብሏት በምታነብበት ብርሃን እኔ ፊደሉን እገምታለሁ። ደግሞም ብርሃን ርቀት አይወድም፤ አምፖሉ በእጥፍ ሲርቅ መጽሐፉ ላይ የሚደርሰው ሩቡ ነው። ማዶ ላይ የቆመ አምስት መብራት ትከሻ ሥር ያለውን አንድ አይተካም። ይህን ስናገር የሰማኝ አልነበረም፤ ሽማግሌ ተናገረ ተብሎ ታለፈ።

የተሰማው ባለቤቴ ስትናገር ነው። እሷም የተናገረችው በምስር ነው።

ሐሙስ ማታ ለዓርብ ወጥ የሚሆን ምስር ሰፌድ ላይ አፍስሳ ራቁቱ አምፖል ሥር ተቀመጠች፤ ሌላው ወንበር ተይዞ ነበር። በዚያ ቢጫ ብርሃን ምስሩ ቢጫ፣ ጠጠሩ ቢጫ፣ እጇም ቢጫ ነው። እፍ አለች፣ አንገዋለለች፣ ለቀመች። በማግስቱ ምሳ ላይ የመጀመሪያው ጉርሻ ውስጥ ጠጠሩ ጥርሴ ላይ ተሰበረ፤ ወይም ጥርሴ ጠጠሩ ላይ፤ እስካሁን አልተጣራም። ባለቤቴ ወደ እኔ አላየችም። ወደ መብራቱ አየች። «ይሄ ነው» አለች።

በነጋታው መሐረቧ ውስጥ አንድ እፍኝ ምስር ቋጥራ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ እኔን አስከትላ መርካቶ ወረደች። የመብራት ሱቅ ገባን። ሻጩ «ፋዘር፣ ግቡ ግቡ፣ ኦርጅናል ነው ሁሉም» እያለ ተቀበለን። እሷ መሐረቧን ባንኮኒው ላይ ፈታችና ምስሩን በተነችው። «ያን አብራው» አለች። አበራ። አጎንብሳ ለቀመች። «አጥፋው። ያኛውን።» አበራ። «እማማ፣ ምን እየፈለጉ ነው?» አለ ልጁ ግራ ገብቶት። «ጠጠር» አለችው። ሌላ ገዢ ሁለት ሰው ቆሞ ያይ ጀመር፤ አንደኛዋ ሴትዮ እሷም ጎንበስ ብላ ትለቅም ገባች። ልጁ በመጨረሻ ወደ ጓዳ ገብቶ ካርቶኑ ላይ «አርኤ 90» የተጻፈበት አምፖል ይዞ መጣ። ይህ ቁጥር ብርሃኑ ቀለምን ምን ያህል በእውነተኛ መልኩ እንደሚያሳይ የሚለካበት ነው፤ ጣሪያው 100 ነው፣ የተለመዱት አምፖሎች 80 አካባቢ ናቸው። ሲበራ ምስሩ ምስር ሆነ፤ ጠጠሩም ጠጠር። ሦስት ለቅማ ባንኮኒው ላይ ደረደረችና «ይሄን» አለች።

መብራቱ ራሱ ከሱቁ ሁሉ መልከ ጥፉው ነበር። መቆሚያው ከባድ ብረት፣ አንገቱ የሚታጠፍ፣ ቆቡ ከውጭ ጥቁር ከውስጥ ነጭ፣ ማብሪያው ቆቡ ሥር፣ እጅ የሚደርስበት ቦታ። ልጄ ስታየው ፊቷ ጠቆረ። «እማዬ፣ ይሄ እኮ የልብስ ሰፊ ነው!» አለች። እናቷ መልስ አልሰጠችም፤ ከወንበሯ ኋላ አቆመችው። የዳንቴል ልብስም ሠርታለታለች።

አሁን ስድስት መብራት አለን። ስድስተኛው የሚያበራው ለባለቤቴ ነው። ምስር ስትለቅም፣ ሽንኩርት ስትልጥ፣ ዳንቴል ስትሠራ፣ ምንም ሳትሠራም እዚያው ናት። አንድ ማታ ወንበሬን ጠጋ ባደርግ «አንተ ሰውዬ፣ ጥላህን ከሰፌዴ ላይ አንሣ» አለችኝ። ስለዚህ በመዝገብ ቤት ሥርዓት ወደ ማመልከቻ ገብቻለሁ።

ለ፦ ልጄ
ከ፦ አባትሽ
ጉዳዩ፦ ሰባተኛ መብራት እንዲገዛልኝ ስለመጠየቅ

ከላይ በርዕሱ እንደተጠቀሰው፣ አመልካች በቤታችን ውስጥ ብርሃን እጥረት ያለበት ብቸኛ ነዋሪ በመሆኔ የሚከተለው እንዲፈጸምልኝ በትሕትና አመለክታለሁ። መብራቱ ከወንበሬ ኋላ፣ በግራ ትከሻዬ በኩል ይቁም፤ በቀኝ እጄ ስለምጽፍ ጥላው ወረቀቴ ላይ እንዳይወድቅ። የቆቡ የታች ጠርዝ ስቀመጥ ዓይኔ ትክክል ይሁን፤ በእኔ ቁመት ከወለሉ አንድ ሜትር ከአሥር እስከ አንድ ሜትር ከሃያ ነው። ከዚያ ከፍ ካለ አምፖሉ ዓይኔን ይወጋል፣ ዝቅ ካለ መጽሐፌ ይጨልማል። አምፖሉ ከ800 ሉመን አይነስ፤ ይህ የድሮዋ የ60 ዋት አምፖል ልክ ነው፣ ለእኔ ዓይን ቢጨመር አልቃወምም። ቀለሙ 3000 ኬልቪን ይሁን፤ የክሊኒኩም አይሁን፣ የድባቡም አይሁን። መቆሚያው ይክበድ። እግሩ ሦስት አይሁን። እንግሊዝኛ አይወቅ። ከመገዛቱ በፊት እኔ ራሴ ሱቁ ድረስ ተወስጄ፣ ወንበር ቀርቦልኝ፣ ዳዊቴን ከፍቼ አንድ መዝሙር ሙሉ አንብቤ ልፈትነው። ምሳሌው ከእናትሽ የተወሰደ ነው።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለባለቤቴ፤ ወንበሬን እንዳትይዝብኝ
ለልጅ ልጄ፤ ኳሱን በሚመለከት
ለዋሽንግተኑ ወንድሜ፤ ምንም ነገር እንዳይልክ
ለመዝገብ ቤት፤ እዚህ